የሙሉጎጃም ጌም ቤት

የሙሉጎጃምን መሞት የነገረኝ በጫግኒ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ረዳት ነው። ሱቄ ደጃፍ መኪናውን አስቁሞ ወረደና ሰላምታም ሳይሰጠኝ ኮፍያውን አወለቀ። ድሮ ከእሷ ቤት የማይጠፋ፣ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነበር።

«ጋሽ ፈንቴ፣ ሙሌ አረፈች» አለኝ።

«የትኛዋ ሙሌ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«የእኛዋ» አለና ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ወባ ነው አሉ። ጫግኒ ቆላ ነው፤ በእንጅባራ ጉም ውስጥ ያደገ ሰው እዚያ ወርዶ ሲኖር ቶሎ አልጋ ላይ ይወድቃል። እሷ ደግሞ ሕመም የምትንቅ ሴት ነበረች፤ ሐኪም ቤት የደረሰችው ሰው ደግፏት ነው። አስከሬኗ ወደ እንጅባራ እንደሚመጣና ከአባቷ አጠገብ እንደምትቀበር ልጁ ነገረኝ። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋበት ሮጦ ሄደ። እኔም የጋለውን መበየጃ ከእጄ አስቀምጬ፣ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሥራ ሰዓት ሱቄን ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ እንጅባራ ላይ የማያውቀኝ የለምና። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ጄኔሬተር፣ ኋላም ዲሽና ስልክ፣ ሁሉንም ያለ አስተማሪ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የተማሩ ሰዎች ‹በቃ ሞቷል› ብለው የጣሉትን ቴሌቪዥን አንስቼ ዜና አሳይቼበታለሁ። ፊደልም የለየሁት በራሴ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ የሚያርምልኝ ሰው ሳልፈልግ እየጻፍኩት ነው። በዕድሜዬ ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹን በልጫቸዋለሁ። ሙሉጎጃምን ግን አልበለጥኳትም። ስለዚህ ነው ስለ እሷ መጻፍ ያለብኝ እኔ ነኝ የምለው፤ ሌላው ሰው ከሷ ጋር ራሱን ለክቶ አያውቅም።

ከባሏ ተፋትታ ከባሕር ዳር ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት የጌም ማሽን ነበር። ገና የመጣች ሰሞን አንዱን ማሽን በነጠላ ጠቅልላ ሱቄ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ሰው ስታይ ዓይኗን የማትሰብር ሴት ናት።

«ጋሽዬ፣ ይህን ያውቁታል?» አለችኝ።

«እኔ የማላውቀው ዕቃ የለም» አልኳት። እንዲህ ያለውን ግን በዓይኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው ይክፈቱልኝ።»

ከፈትኩት። ማቀዝቀዣው ፋን በአቧራ ታፍኗል። ጠራርጌ፣ የላላውን በይጄ ገጠምኩት፤ ተነሳ። እሷ ከፊቴ ቆማ ሁሉንም ስታይ ነበር።

«እውነትም ያውቃሉ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «ሲከፍቱት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሰው ነው የፈሩት» አለችኝ።

ሰው ስታይ እንዲህ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኖቿ ሐኪም እኔ ሆንኩ።

ጌም ቤቱን የከፈተችው በአባቷ ግቢ፣ ለመንገድ በዞረችው ክፍል ነው። ግቢው ከአባታቸው ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ለአለኸኝ የወረደ ነው። አለኸኝ የእህል ነጋዴ ነው፤ ከውስጥ ባለው ቤት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። በመስኮቷ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ሰቀለች፤ የውጩ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ነው። ወንበሮቹ የቢራ ሳጥኖች ናቸው። ቴሌቪዥኑን፣ ያን ሆዱ ወደ ኋላ የተገፋውን ትልቁን፣ እኔ ነኝ ከወዳደቀ ዕቃ አሰባስቤ የሠራሁላት፤ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ጠፍጣፋ ይልቅ ፈጣን ነበር፣ ቁልፍ ሲነካ ሳይዘገይ ያሳያል፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ተጫዋቾቹም ይመሰክራሉ።

ጎረምሶች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። የእሷ ፍቅር ግን ድብድቡ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሁለት ሰው ጆይስቲክ ይዞ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ አንድ ተደባዳቢ ይመርጣል። ከላይ የሁለቱም የነፍስ መስመር አለ። በተመታ ቁጥር መስመሩ ያጥራል፤ ያለቀበት ይወድቃል። ሌላው ሰው የሚመርጠው ፀጉሩ የሚነድደውን ወይም ሰይፍ ያለውን ነው። ሙሉጎጃም ግን ሁልጊዜ አንድ ራሰ በራ፣ ወገቡ የጎበጠ፣ እርምጃው የሚጎተት ሽማግሌ ትመርጥ ነበር። ጎረምሶቹ ስሙን ‹ጋሽ ፈንቴ› አሉት። እኔ አልተቀየምኩም። በዚያ ቤት ጋሽ ፈንቴን አሸንፎ የወጣ ሰው አላየሁምና።

ስትጫወት ጫማዋን ታወልቃለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ከዚያ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። እያሸነፈች ከሆነ በአማርኛ ታፌዛለች፤ ከተመታች በአገውኛ ታጉረመርማለች። ስለዚህ ውጭ ያለ ሰው ስክሪኑን ሳያይ ውጤቱን ያውቅ ነበር። ጀማሪ ተጫዋች ጆይስቲኩን እያየ ቁልፍ ሲፈልግ ከኋላው ሆና አገጩን ወደ ስክሪኑ ቀና ታደርግለታለች።

«እሱን እይ» ትላለች። «ራስህንማ ታውቀዋለህ።»

ከዳንግላም ይመጡ ነበር፤ ከመካከላቸው ጋሪ ነጂዎች ነበሩበት። ገና ከበር፣ እኛን በእንጅባራ የድሮ ስም በኮሶበር እየጠሩ፣ ነገር ይጀምራሉ።

«እንዴት ናችሁ ኮሶበሮች? ብርዱ ጣታችሁን አላደረቀውም?»

«ደህና ነን» ትላለች ሙሉጎጃም ቀና ሳትል። «የአንተስ ጣት ከልጓም ሌላ ነገር ለመደ? ግባ፣ ፈረሱን ግን ውጭ እሰረው።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የሳቁት ሰዎች ግን ሁሌ እንደሳቁ አይወጡም ነበር። አንድ ቀን የዳንግላው ልጅ የኛን ሰፈር ልጅ መትቶ መትቶ ሊጥለው ሲል መብራት ሄደ። መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ ስለሆነ ቤቱ ድቅድቅ አለ። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በእውነተኛ ቡጢ የዳንግላውን ልጅ አፉን አለው። ጩኸት ሆነ። ዳንግሎች ወደ በሩ ተጋፉ፤ ውጭ የቆሙት የኛዎቹ ድንጋይ አነሱ። ሙሉጎጃም በሩ ላይ ቆመች።

«ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም» አለች። «ጆይስቲኩን መሬት አድርጉ። ሁለታችሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ።»

«ከማን ጋር? ደሜን እያፈሰሰ?»

«ከሱ ጋር። የያዝከው እጅ አይመታህም። መብራት እስኪመጣ አትለቁም። ቤቴ ነው።»

ቤቴ ነው ካለች ክርክር የለም። ዝናቡ ስለበረታ መብራቱ ቶሎ አልመጣም። ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እያኮረፉ ተቀመጡ። ማኩረፉ ሲሰለቻቸው ማውራት ጀመሩ፤ ሲያወሩ ሲያወሩ በእናት በኩል ዘመድ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ። መብራት ሲሄድ ጆይስቲክ መሬት፣ እጅ ለእጅ፤ መብራት ሲመጣ የተጀመረው ዙር ተሰርዞ እንደ አዲስ። እየመራ የነበረውም ቢሆን ቅር አይለውም። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ያለቀ ድል በመብራት ተወስዶባት ከባላጋራዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስትስቅ አይቻለሁ። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት በሳምንት ብዙ ቀን ይሄዳል። ኋላ ኋላ ተያያዙ ብሎ የሚያዝዝ ሰው አላስፈለገም፤ ቤቱ ገና ሲጨልም እጅ እጅን ፈልጎ ያገኛል። ሲያያዙ ተላምደው የተጋቡም አሉ።

እኔም እጇን ይዤ መብራት የጠበቅሁባቸው ቀኖች ነበሩ። በአንደኛው ቀን ባሏን ለምን እንደተወችው ጠየቅኋት።

«ይመታሽ ነበር?»

«አይ ጋሽዬ፣ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ግን አደርጋለሁ ያለውን አያደርግም። ‹መጣሁ› ይላል፣ አይመጣም። ‹ተውኩ› ይላል፣ አይተውም። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ቤት አይቆምም።»

ችግሩ የመጣው ከወንድሟ ነው። አለኸኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስሙን የሚፈራ ሰው ነው። ፈት እህቱ ከጎረምሳ ጋር ጨለማ ክፍል ውስጥ ስትጮህ ትውላለች የሚለው ወሬ ገበያ ላይ ሲደርሰው አላስችለው አለ። ለሽማግሌ ነገረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሰብሳቢው የሰበካው ሽማግሌ አያ ቸኮል ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ፤ በዚያ ሰፈር እኔ የሌለሁበት ሽምግልና አይሰየምም።

«እህቴን አልጠላትም» አለ አለኸኝ። «ግን ገበያ ስወርድ ‹እህትህ ከወንድ ጋር ስትደባደብ ትውላለች አሉ› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«‹ማን አሸነፈ?› ብለህ አትጠይቃቸውም?» አለች ሙሉጎጃም።

እኔ ሳቅሁ። አያ ቸኮልም ጺማቸውን ያዙ። አለኸኝ ግን አልሳቀም።

«ልጄ» አሉ አያ ቸኮል፣ «ጨዋታ መሆኑ ይገባናል። እኛ ያሳሰበን ጨዋታ ሥራ ሆኖ መቅረቱ ነው።»

«ሥራ ነው አያ። ባሕር ዳር ትልቅ ውድድር ተጠርቷል። ከጎንደር፣ ከአዋሳ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል። ዋንጫውን ይዤ ብመጣ ሥራ መሆኑን ታምናላችሁ?»

አያ ቸኮል ወደ አለኸኝ አዩ።

«ካላመጣሽስ?» አለ አለኸኝ።

እህትና ወንድም ተያዩ። አንድ ዓይነት ግንባር ነው ያላቸው።

«ካላመጣሁ በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ» አለች። «ክፍሉንም እለቅልሃለሁ።»

ይህን በይ ያላት ሰው አልነበረም። ሳል እንደያዘው ሰው ሳል ሳል ብዬ ምልክት ሰጠኋት። ጠጋ ብዬም «ሁለተኛ ብወጣም ይቆጠርልኝ በይ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዋንጫ ነው ያልኩት ጋሽዬ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ባሕር ዳር አብሬያት ሄድኩ። ማሽን ቢበላሽ ማን ያውቃል ብዬ ነው። ሚኒባሱ ዳንግላ ሲቆም ያ አፉን የተመታው ልጅና ጓደኞቹ መናኸሪያው ላይ ይጠብቁን ነበር። ሊደግፏት አብረውን ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ ሲሳደቡ ሄዱ።

«ሙሌ፣ ከተሸነፍሽ ዳንግላ ላይ አናሳልፍሽም። በጫካ ዞረሽ ትገቢያታለሽ።»

«ካሸነፍኩ ደግሞ ከባሕር ዳር እስከ ኮሶበር በጋሪ ታመጣኛለህ።»

ውድድሩ የተደረገው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፣ ፋኖች ጣሪያው ላይ ይዞራሉ፣ መድረኩ ላይ አንድ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለ። ማይክ የያዘ ወጣት ልክ ኳስ እንደሚያስተላልፍ ሰው ይጮኻል። በሩ ላይ ስም የሚመዘግበው ልጅ ነጠላዋን አየና ብድግ አለ።

«እናት፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?»

«አዎ» አለችው። «የሚገጥመኝን ልጅ።»

እኔ እንደ ልማዴ ሽቦውን ተከትዬ ዞርኩ። ማሽኖቹንና ስክሪኖቹን ትልልቅ ባትሪ ላይ ነው የሰኳቸው፤ መብራት ቢሄድም ጨዋታው እንዳይቋረጥ ነው። ማን እንደሠራው ጠይቄ፣ ጥሩ ሥራ ነው አልኳቸው፤ እኔ ጥሩ የምለው በቀላሉ አይደለም። ለሙሉጎጃምም ወስጄ አሳየኋት።

«ጥሩ ነው፣ የታደሉ» አለችና ጫማዋን ልታወልቅ ሄደች።

መጀመሪያ ሳቁባት። ራሰ በራውን ሽማግሌ ስትመርጥ ደግሞ ሳቁ። ከጎንደር የመጣው ሲወድቅ ሳቁ ቀነሰ። ከአዋሳ የመጣው ሲወድቅ ማይክ የያዘው ልጅ ስሟን በትክክል መጥራት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ‹ሽማግሌው! ሽማግሌው!› እያለ ይጮኻል። ‹ጋሽ ፈንቴ ነው ስሙ› ብለው ዳንግሎች ነገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀን አላሳለፍኩም። ያንን ቀን ሳስታውስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ለፍጻሜ የገጠማት ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ማዳመጫ አንገቱ ላይ አጥልቋል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋሉ እትዬ» አላት። ሦስት ጊዜ ቀድሞ የጣለ ዋንጫ ይወስዳል ተባለ። አንዱን እሷ ወሰደች፣ አንዱን እሱ። አንዱን ደግሞ እሱ፣ አንዱን እሷ። የመጨረሻው ቀረ።

በዚያ በመጨረሻው ላይ እንዴት እንደተጫወተች ብነግራችሁ በወሬ አይገባችሁም። ሽማግሌውን ይዛ ጥግ ድረስ አፈገፈገች፤ ሰው ሁሉ አበቃላት አለ። ልጁ ሊጨርሳት ሲዘል ጠብቃ ከአየር ላይ ቀለበችው፤ መታችው፣ አንስታ ጣለችው፣ ተነስቶ ሲመጣ ደግሞ መታችው። የልጁ የነፍስ መስመር ጥፍር አከለች። አንዲት ምት ብቻ ቀርታ ነበር። የኛዎቹ ከወንበራቸው ተነስተዋል። ሙሉጎጃም በአማርኛ «ና እንግዲህ፣ ና የእናቴ ልጅ» ስትል ሰማሁ።

መብራት ሄደ።

ፋኖቹ ቆሙ፣ የጣሪያው መብራት ጠፋ፣ ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ ከጎኔ የነበረውን የዳንግላ ልጅ እጅ ይዤ ራሴን አገኘሁት። እሱም ያዘኝ። የኛ ሰዎች በተቀመጡበት ረድፍ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዟል። መድረኩ ላይ ደግሞ ሙሉጎጃም ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጣ፣ ቀኝ እጇን ወደ ልጁ ዘርግታ ነበር።

ስክሪኑ ግን አልጠፋም። ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም፤ ምን ብሎ ያነሳል? ሽማግሌው እጁን አውርዶ ቆሟል። ልጁ መታው። ደገመው፣ ሰለሰው፣ ከዚያ ያን ረጅሙን ተከታታይ ምት ለቀቀበት። የዳንግላው ልጅ እጄን ጥሎ «ሙሌ! በርቷል! በርቷል!» ብሎ ሲጮህ እሷ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ጎንበስ ብላ ጆይስቲኩን ስታነሳ ጋሽ ፈንቴ በጀርባው ወድቋል።

ጄኔሬተሩ ተነሳና የአዳራሹ መብራት መጣ። ልጁ ዞር ሲል ሙሉጎጃም እጇን እንደገና ዘርግታለች፤ ለምን እንደዘረጋችው እሷም ያን ጊዜ ያወቀች አይመስለኝም። እንኳን ደስ ያለህ ልትለው መስሎት በሁለት እጁ ጨበጣት። ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እኔ መድረክ ላይ ወጣሁ። ዳኛውን ያዝኩት። መብራት ሄዷል፣ ዙሩ ይሰረዝ አልኩ። ዳኛው በትሕትና «አባት፣ ጨዋታው አልተቋረጠም፤ የሚሰረዘው ማሽኑ ከቆመ ነው» አለኝ። የቤቱን ሕግ አስረዳሁት። ልጁ ሰምቶ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ አላወቅሁም እትዬ» አላት። «ከፈለጉ እንደገና እንጫወት። እኔ ቅር አይለኝም።»

ዳኛውም ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ የሚል ይመስላል። ሁሉም እሷን አየ። እሷ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

«ያ የእኔ ቤት ሕግ ነው» አለችው ልጁን። «በሰው ቤት ሕግ አላወጣም። አሸንፈሃል፤ ያምርብሃል።» ወደ እኔ ዞር ብላም «ጋሽዬ፣ ይውረዱ፣ እንሂድ» አለችኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የተሳደበ የለም። ዳንግሎቹ ሲወርዱ እጇን እየሳሙ ወረዱ። ከዳንግላ በኋላ ሁለታችን ብቻ ጎን ለጎን ቀረን፤ ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዷል።

«ለሽማግሎቹ እኔ ልንገራቸው» አልኳት። «አሸንፋለች፣ መብራት ነው ያሳጣን እላለሁ። እኔ ካልኩ የሚጠራጠር የለም።»

«አያድርጉት።»

«ውሸት እኮ አይደለም!»

«አይደለም። ግን ዋንጫው የታለ?»

ግቢው ስንደርስ አለኸኝና አያ ቸኮል ቆመው ጠበቁን። ባዶ እጇን አይተዋል። እሷ ራሷ ነገረቻቸው፤ መብራቱን ሳትጠራ «አላመጣሁም፣ ሁለተኛ ሆኛለሁ» ብላ አበቃች። እኔ ግን መቼም አልቻልኩም፣ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት። አለኸኝ ሲሰማ ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለተኛም ቀላል አይደለም» አለ። «ያን ሁሉ አገር አሸንፈሽ። እስቲ ለጊዜው ይቆይ ቤቱ።»

«ይቆይ ልጄ» አሉ አያ ቸኮልም። «እኛ ፈቅደናል። ማን ያስገድድሻል?»

ሁላችንም ደስ አለን። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አያ፣ ነገ ሁለት ልጆች ተጣልተው ቢመጡ በምን አፌ ነው የምዳኛቸው? ‹አንቺስ ያልሽውን መቼ አደረግሽ?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ያንን ቤት እስከ ዛሬ ያቆመው ማሽኑ አይደለም።»

ወንድሟን ጠበቀች፤ ምን ይላል ብላ እንደሆነ አላውቅም። አለኸኝ መሬት መሬቱን አየ።

በማግስቱ ጎረምሶቹ ሲመጡ ሳጥኖቹ ውጭ ተደርድረዋል። ጆንያውን ከመስኮቱ አንስታ አጥፋዋለች፤ ክፍሉ ውስጥ የቀን ብርሃን ገብቶ ነበር፤ ለካ ጠባብ ክፍል ናት። ልጆቹ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ እንጂ ሊለምናት የደፈረ አልነበረም። ቴሌቪዥኑን ለእኔ መለሰችልኝ። ቁልፉን ለአለኸኝ ስትሰጠው እጁን አልዘረጋም፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችለትና ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ጫግኒ ወርዳ ሻይ ቤት ከፈተች። አንድ ጊዜ ጄኔሬተር ልሠራ ወርጄ አየኋት። ሙቀቱ ፊቷን አጥቁሮታል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት ጌም ቤት አለ፤ ጩኸቱ ይሰማል።

«ገብተሽ አታሳያቸውም?» አልኳት።

«አንድ ቀን ገብቼ አየሁ። መብራት ሲሄድ ይሰዳደባሉ።»

«ታዲያ አታስተምሪያቸውም?»

«ቤቱ የእኔ አይደለም ጋሽዬ» አለችና ብርጭቆ ልታጥብ ተነሳች።

በሕይወት ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ቀብሯ ላይ ሰው ይበዛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከዳንግላ፣ ከአዲስ ቅዳም፣ ከጫግኒ ድሮ ጎረምሳ የነበሩ ሰዎች መጡ፤ አንዳንዶቹ ልጅ ይዘዋል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ የተተከለው በዚያው ግቢ ነው። ለመንገድ የዞረችው ክፍል በሯ እንደተዘጋ ነው። አለኸኝ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሰውነቱ መንምኗል።

«ጋሽ ፈንቴ፣ ክፍሉን ለማንም አልሰጠሁትም» አለኝ። «እህልም አላስገባሁበትም።»

«አይቻለሁ» አልኩት።

«ባለፈው ክረምት ደውላልኝ ነበር። የልጆቹን ደህንነት ጠየቀች፣ የከብቱን ጠየቀች። ከዚያ ‹ክፍሉን ምን አደረግኸው?› አለችኝ። ‹ባዶ ነው› አልኳት። ስልኩ ተዘጋ ብዬ ሳየው አልተዘጋም። ቆይታ ‹እሺ፣ ደህና ሁን› አለችና ዘጋችው።»

«ነይ አትላትም ነበር?»

«ስጠኝ እስክትለኝ ጠበቅሁ» አለ።

«አትልህም ነበር።»

አለኸኝ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»